ተጋድሜ ያነሳሁት ፎቶ

ስልኩ ያንቺ አሮጌው ነው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀው። አዲስ ሲገዛልሽ ለኔ ሰጠሽኝ፤ መደወያ ይሁናት ብለሽ ነው። ማንን ልደውል? የማውቃቸው ግማሾቹ ሞተዋል። ፎቶ ማንሻውን አንዴ አሳየሽኝ። ፊደል አላውቅም፣ ያችን የካሜራ ስዕል ግን አልረሳኋትም። ከዚያ ወዲህ አርፌ አልተቀመጥኩም።

ጉልበቴ ሙዝ መሸከም ካቃተው በኋላ ልጄ፣ አባትሽ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወደ ሙዙ ማሳ መውረድ ከለከለኝ። እዚህ ሴቻ፣ ቤታችን በር ላይ ወንበር አወጣልኝ። እኔ ደግሞ መቀመጥ አላውቅበትም። ጸሎት ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ እወጣለሁ፣ ሚኒባስ ሲመጣ እግሬ ራሱ ይገባል። ጫሞ ሐይቅ ወርጄ ዓሣ አጥማጁን አነሳሁት። አንቺ ስታዪው ሳቅሽ፤ “እማማ፣ ሰውየው ጭንቅላት የለውም” አልሽኝ። እኔ እጁን ነበር የፈለግኩት፣ መረቡን የያዘበትን። አውራ ጣቱ ላይ ገመድ የበላው ጠባሳ አለ። ስንት ዓመት ከሱ ዓሣ ገዝቻለሁ፣ ያን ጠባሳ አይቼው አላውቅም። ከዚያማ ባሰብኝ። ዛሬ አንዱ ጋ፣ ነገ ሌላው ጋ።

አንድ ማክሰኞ ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ደጋ ነው፣ ከጨንቻ ወዲያ፣ የተወለድንበት ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። “ሐሙስ ቤቱን እናፈርሰዋለን፣ ቆርቆሮ መጥቶልኛል” አለኝ። ደስ ብሎት ነው። የዚያ ቤት አንድ ፎቶ እንኳ የለንም። ረቡዕ በጠዋት ለአባትሽ ሳልናገር መኪና ያዝኩ።

ስደርስ አገሩ ሁሉ ጉም ነው። የኛ ደጋ ቤት፣ መቼም ታውቂዋለሽ፣ ከቀርከሃ የተጠለፈ ነው። እግሩን ምስጥ ሲበላው ከታች ይቆረጥና ቤቱ ያጥራል። ልጅ ሆኜ ጫፉን ለማየት አንገቴን ወደ ኋላ እጥል ነበር።

“አየሽው? እንዳንቺ እያጠረ ሄደ” አለኝ ወንድሜ።

“አንተስ ቁመት ነበረህ እንዴ?”

ኮቱን ለብሶ መጣና፣ “መጀመሪያ እኔን ከቆርቆሮው ጋር አንሺኝ” አለ። አነሳሁት። ከዚያ እንሰቱ ውስጥ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄጄ ቤቱን ላነሳ ስል፣ ስልኩ ላይ ነጭ ብቻ። ጉሙ ገለጥ ይላል፣ ስልኩን ሳነሳ ተመልሶ ይመጣል። ወደ ሴቻ የምትመልሰኝ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትወርዳለች። እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና እሞክራለሁ።

“በብርድ ልትሞቺ ነው፣ ግቢ” አለኝ።

ተናድጄ ገባሁ። ልጅ ሆነን የምንተኛበት ጥግ ሄድኩ። ቆሜ ባነሳው ጥቁር ግድግዳ ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ ሞከርኩ፣ እንቢ አለ። በመጨረሻ መሬቱ ላይ በተጎዘጎዘው ሳር በጀርባዬ ተጋደምኩ። ያኔ መጣልኝ። ቀርከሃው ጭስ አጥቁሮት ዙሪያውን እየተጠለፈ፣ እየጠበበ ላይ ድረስ ይሄዳል። ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ የማየው እሱን ነበር፤ ከውጭ ያለውን አይደለም።

ወንድሜ ገባ። “ወደቅሽ እንዴ?”

“ከበሩ ላይ ዞር በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ።”

ዞር አለ። አነሳሁት። አሳዪኝ አለና ስልኩን ይዞ ቆየ።

“ይሄ የኛ ቤት ነው?”

“የማን ይሆናል ታዲያ?”

ኮቱን ሳያወልቅ አጠገቤ ተጋደመ።

“ሐሙስ ነው አይደል?” አልኩት።

“ሐሙስ ነው። ሰው ጠርቻለሁ፣ አይቀርም።” ከዚያ በጣቱ አሳየኝ። “ያን ጥግ አንሺው፣ እማዬ እዚያ ነበር የምትተኛው። ላሟ የምትታሰርበትንም። ያን ምሰሶም።”

ከአንዱ ጥግ ወደ አንዱ እየወሰደ አስነሳኝ። አንዳንዱን ሁለቴ፣ ሦስቴ። መኪናዋ መሄዷን ስንሰማ ገና የከብቱ ጥግ ጋ ነበርን።