እናንተ ጋም ሄዷል?

ሚስቴን ሰፈሩ «ለምን» ይላታል። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የማይገባት ሆኖ ሳይሆን ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር ስለሌለ ነው። ሐኪም መርፌ ሊወጋት ሲል እንኳ «ለምን በዚህኛው ክንድ?» ብላ ታስቆመዋለች። እኔ ደግሞ ነገር ቶሎ የሚሰለቸኝ ሰው ነኝ። እንዴት አብረን እንዳረጀን እግዜር ይወቀው።

ከመንገዱ ማዶ ባለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ እስክወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ፋብሪካው ሲዘጋ ሰፈሩም አብሮት ተዘጋ። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ሄደ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ ከዚያ ተከራዮቹ አንድ በአንድ። በእኛ መስመር የቀረነው እኛና ግድግዳ የምንጋራት ዳቦ ጋጋሪዋ ብቻ ነበርን። ድሮ ለሦስት ፈረቃ ሠራተኛ ትጋግር የነበረች ሴት አሁን የምትጋግረው ለጥቂት ቤት ነው። ልጇ እሱ ወዳለበት ከተማ ነይ እያለ ይጨቀጭቃታል፤ እሷ ዛሬ ነገ ትላለች።

መብራት ደግሞ በሄደ ቁጥር ሚስቴ በሩን ትከፍትና «እናንተ ጋም ሄዷል?» ትላለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ከደጇ «እኛ ጋም ሄዷል» ትላታለች። በቃ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው መብራት እስኪመጣ ያወራሉ። እኔ ግን እናደዳለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት ተጎልቶ ጎረቤት ይጠየቃል?

አንድ ቀን የፋብሪካው ግቢ ባለሀብት አገኘ፣ ለሰፈሩም መብራት የሚሰጥ ሶላር ሊተከልበት ነው ተባለ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት በዱቄት ሆና ወደ ቤታችን መጣች።

«እቴ፣ አንቺ መጠየቅ አይከብድሽም» አለቻት ሚስቴን። «ሂጂና ስንት ሰው እንደሚቀጥሩ ጠይቂልኝ። ሠራተኛ ከመጣ ምድጃዬን አላጠፋም፤ ልጄንም እዚሁ ነኝ እለዋለሁ። ከሌለ ግን እኔም ቁርጤን ልወቅ።»

«ምኑ ይጠየቃል?» አልኩ እኔ። «በባለሀብት ወሬ ስንደሰት አይደል እንዴ ያረጀነው?»

«አንተ ሳትጠይቅ በምን አወቅክ?» አለችኝና ጫማዋን አጠለቀች። እያጉረመረምኩ ተከተልኳት።

የተቀበለችን መሐንዲስ ልጅ እግር ናት፤ «ይግቡ እማማ» ብላ ወንበር ሳበችላት። ሚስቴ መች ልትቀመጥ። ለመተከል የተደረደሩትን የሶላር ሰሌዳዎች እየዞረች በእጇ ዳሰሰቻቸው። ደመና ሲሆንስ? አቧራ ሲጠጣስ ማን ያጥበዋል? ፀሐይ ስትገባ የቀኑ የት ይቀመጣል? መሐንዲሷ ደስ ብሏት እያንዳንዱን አስረዳቻት፤ ባትሪዎቹ ያሉበትንም ክፍል ከፈተችልን። እውነቱን ለመናገር እኔም እዚያ ስደርስ ማጉረምረሜን ረስቼ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ያማረ ሥራ ነው።

ከዚያ ሚስቴ «ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት በዚህ በር ስንት ሰው ይገባል?» አለቻት።

መሐንዲሷ የባትሪውን ክፍል በር ዘጋች። «እስኪተከል ድረስ ብዙ ሰው ይኖራል እማማ። ከዚያ በኋላ ግን ዘበኞቹና ሰሌዳ የሚያጥቡት ብቻ ናቸው። አምስት ስድስት ሰው ቢሆን ነው። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

«ለምን?»

«የሚፈተል ክር፣ የሚገፋ ጋሪ የለውማ። ፀሐይዋ ራሷ ትሠራለች።»

ስንመለስ መንገዱ ላይ «ብዙ ሰው ይቀጥራሉ በያት» አልኳት። ለዳቦው አይደለም፤ እሺ፣ ለዳቦውም ነው። ግን ደግሞ ያቺ ሴትዮ ከሄደች ይቺ ሚስቴ ከማን ጋር ታወራለች ብዬ ፈራሁ።

«ከዚያስ?» አለችኝ። «ጋግራ በር በሩን ስታይ ትዋል?» ጥቂት ሄድ ብላ ደግሞ «ሶላሩ ምንም ክፋት የለው፤ ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው። ፋብሪካውንም የዘጋው እሱ አይደለም። ግን ባለሀብቱ ሲመጣ ስንት መሬት አለ ብሎ ጠየቀ እንጂ እዚህ ማን አለ ብሎ አልጠየቀም» አለች።

ለዳቦ ጋጋሪዋ እውነቱን ነገረቻት። ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች «እንግዲህ እናንተ እንኳ መብራት አይጠፋባችሁም» አለች። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ደግሞ የማልፈልገውን መፍቻ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ። ወሩ ሳያልቅ ልጇ መኪና ይዞ መጥቶ ወሰዳት።

ሶላሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እውነትም መብራት መሄድ ተወ። መንገዱ አመሻሽ ላይ ቦግ ይላል፤ የሚያልፍበት ሰው ግን የለም። ሚስቴ በሩን የምትከፍትበት ምክንያት አጣች። ጥያቄዋም ቀነሰ፤ ስገላገል ደስ ሊለኝ ሲገባ ጥያቄዋ ናፈቀኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን እራት ሳይቀርብ መብራቱ ድርግም አለ። ሚስቴ ብድግ ብላ በሩን ከፈተችና «እናንተ ጋም ሄዷል?» አለች።

የሚመልስ የለም። በሩን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አንጀቴን በላችው።

ተነሳሁ። በጎኗ አለፍኩና ግድግዳውን እየዳበስኩ ዳቦ ጋጋሪዋ ደጅ ደረስኩ። ደረጃዋ ላይ ቁጭ አልኩና «እኛ ጋም ሄዷል» አልኩ።

የሚስቴን የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለምን የሄደ ይመስልሃል?» አለችኝ።

ምክንያቱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ ነው። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ግን «እንጃ፣ አንቺስ ምን ይመስልሻል?» እያልኩ አስወራኋት።