ቁርሳቸውን በዳንግላ ያገኙ መምህርት

መምህርት አናማ ባለፈው ሳምንት በዳንግላ ዐርፈዋል። ከሕንድ አገር፣ ከኬራላ መጥተው ሒሳብ ያስተማሩን እኚህ ሴት ሕመማቸው አጭር፣ የቀብራቸው ሰልፍ ረጅም ነበር። የአገራቸው ቤተ ክርስቲያን የእኛ እኅት ናትና ካህናቱ እንደ ራሳቸው ምእመን በፍትሐት ቀበሯቸው። አስከሬኑን ከተከተሉት መካከል በሕይወት ሳሉ ስማቸውን ያጠፉ ነበሩ። እነማን እንደ ሆኑ መጥራት አያሻም፤ ይህን ሲያነቡ ራሳቸውን ያውቃሉ።

እርሳቸው ሲመጡ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከዚያ በፊት ከትምህርት ቤታችን የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈች ሴት አልነበረችም። የሒሳብ መምህር አንድ መንፈቅ ሳይቆይ ይሄዳል፤ ርእሰ መምህሩም «ለሴት ልጅ መደመር ከቻለች ምን ጎደለባት?» ይሉ ነበር። መምህርት አናማ ግን በመጀመሪያው ቀን ጠመኔውን ሰጥተውኝ «ተሳሳቺ፤ ካልተሳሳትሽ ምን አስተምርሻለሁ?» አሉኝ።

ይዘውት የመጡት ሩዝና ደረቅ ኮኮናት ግንቦት ሳይገባ አለቀ። ዝናቡ ጀመረ፤ ልብሳቸው እየሰፋቸው ሄደ። እንጀራውን በአክብሮት ይቀምሱታል እንጂ አይበሉትም ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሳይሸሽጉ ነገሩን፦ «እናቴ ጧት ጧት ፑቱ ትሠራልን ነበር። ዱቄት ከኮኮናት ጋር እየተነባበረ በቀርከሃ ውስጥ ተደርጎ በእንፋሎት ይበስላል። ሰው ያለ ቁርሱ አገር አይለምድም። ትምህርት ሲዘጋ እሄዳለሁ።» እርሳቸው ከሄዱ የእኔም ትምህርት እንደሚያበቃ ዐወቅሁ፤ አባቴ የሚጠብቀው ይህን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ዘንቢላቸውን ይዤ ወደ ገበያ ተከተልኋቸው። ከአንዲት ባልቴት ጆንያ አጠገብ ቆሙ፤ እጃቸውን ዳጉሳው ውስጥ ከትተው ሳቁ።

«ይህ የእናቴ እህል ነው!»

«የእናትዎ ከሆነማ እሰየው፤ ዋጋው ግን የእኔ ነው። እጅዎን ያውጡ፣ እሜቴ» አሉ ባልቴቷ።

ዳጉሳ በአገራቸውም እንደሚዘራ፣ ፑቱም እንደሚሠራበት በመንገድ ላይ ነገሩኝ። ከእንጅባራ የመጣ ቀርከሃ ገዙ፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ ባለችው ቤታቸውም በኮኮናቱ ምትክ ኑግ ቆልተው ወቀጡ።

ከተማው ግን የሚያውቀውን ብቻ አየ። ዳጉሳ፣ አፉ በሊጥ የታሸገ ማሰሮ፣ ከላዩ የቆመ ቀርከሃ፣ እንፋሎት፤ ይህ ሁሉ በአንድ ምድጃ ላይ ሲገኝ በእኛ አገር አረቄ ነው። «ሕንዳዊቷ አረቄ ታወጣለች» የሚለው ወሬ ውኃው ሳይፈላ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ደረሰ። ዘበኛውን አስከትለው መጡ።

«መምህርት! በተማሪ ቤት ግቢ አረቄ? ዛሬውኑ ዕቃዎን ይጠቅልሉ!»

እሳቱን የምቆሰቁሰው እኔ ነበርሁ። ቆሜ ቀረሁ።

«ይቀመጡ፣ ጌታዬ። አረቄ የለኝም፤ ቁርስ ግን ደርሷል» አሉና ቀርከሃውን ሳህን ላይ አጋድመው በእንጨት ገፉት። በኑግ የተከፋፈለ፣ ጠይም፣ ትኩስ ፑቱ ወጣ።

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «ጌታዬ፣ ይህስ አያሰክርም።»

ርእሰ መምህሩ ቀመሱ። «የጾም ነው?»

«ከዳጉሳና ከኑግ በቀር አንዳች የለበትም።»

ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፤ ይቅርታ አልጠየቁም።

መምህርት አናማ የራሳቸውን ቀመሱ። ከዚያም «ኑግ ኮኮናት አይደለም፤ ነገር ግን እናቴን አያሳፍርም» አሉ። ያን ክረምት ከረሙ፤ ከዚያም ወዲህ ያለውን ክረምት ሁሉ። ስማቸውን ያጠፉት ሴቶች ሳይቀሩ ሳህን ይዘው ይመጡ ጀመር፤ እርሳቸውም አንዷንም ባዶ እጇን አልመለሱም። እኔ ብሆን እመልስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለፈተና የተቀመጥነው ሴቶች ሁላችንም አለፍን። ዛሬ እኔ በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የማስተምራቸውም አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው።

መምህርት ሆይ፣ አገርዎ ይጠብቅዎ ነበር፤ እዚህ «ይቆዩ» ብሎ የለመነዎ አልነበረም። አባቴ መጥቶ «ልጄን ወሰዱብኝ» ባለዎ ጊዜ «አልወሰድኋትም፤ መንገዷን ራሷ አሰላችው» ብለው መለሱለት። «እሄዳለሁ» ያሉን በዚያ የዝናብ መግቢያ ነበር፤ የሄዱት ግን አሁን ነው፤ እኛን ሁላችንን አሳልፈው። ከእንግዲህ ይህን ማለፋችንን ሊቀለብስ የሚችል የለም። በድል ይሂዱ፣ እመቤቴ።