የአባቴ ቮብላ

ውጭ አገር በምንኖርባት ኬኔሶ ከተማ ካለ የሩሲያ ግሮሰሪ የደረቀ ዓሣ ገዝቼ ወደ መኪናው ስመለስ፣ ሽታው ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

ሩሲያ የተማረው አባቴ፣ ጓደኞቹ ያመጡለትን እንዲህ ያለ ዓሣ እንዲለሰልስ ጠረጴዛ ላይ ይቀጠቅጠው ነበር።

«ቮብላ ይባላል» አለኝ አንድ ቀን። «ስሙ ከድሮ የሩሲያ ቃል የመጣ ነው፤ ድቡልቡል ማለት ነው። ሳይደርቅ ወፍራም ነዋ!»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ይህን ያስተማረችህ ማን ነች?»

አባቴ ዓሣውን መቀጥቀጡን ቀጠለ። እሷም ዓሣውን ነጥቃ በመስኮት ወረወረችው። እኔ ሩሲያ ስላስተማረችው መምህርት የጠየቀችው መስሎኝ ነበር።

ዛሬ መኪናው ውስጥ የምትጠብቀኝ እናቴ፣ ገና በሩን ስከፍት ሽታውን አወቀችው።

«አምጪው!» አለችኝ። ተቀብላኝ ዳሽቦርዱ ላይ ትቀጠቅጠው ጀመር። አጥንቱ ዱቄት ሆነ፤ እሷ ግን አላቆመችም። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።