ዝም ያለችው ልጅ

ነርሷን ዘወትር የሚያሳስባት ችግር አንድ ነበር፦ በፍርሃት የጥርስ ሐኪሙን ጣት የሚነክሱ ልጆች እንዴት ይረጋጉ? አንዱን ወሬ ያባብለዋል፤ ሌላው በአፍንጫው የሚያረጋጋ ጋዝ ይስባል፤ ክፉኛ የፈራው የሚያስተኛ ሽሮፕ ይጠጣል።

ዛሬ ሽሮፑን የጠጣችው ልጅ ግን አንገቷ ዘንበል ብሎ ቀረ። ዝምታዋ ከጩኸት ይበልጥ ያስፈራል።

ነርሷ ወደ ልጅቷ እናት ዞረች፦ "እህቴ፣ በሞቴ፣ ቤት ምን ሰጥተሻታል?"

"ምንም አልኩሽ እኮ!"

"እውነቱን!"

"የሳል ሽሮፕ... የሚያስተኛውን። ባለፈው ነክሳ አዋርዳኝ የለ?"

ሁለት የሚያስተኛ መድኃኒት ሲደራረብ ትንፋሽ ያዘገያል። ሐኪሙ ኦክስጅኑን ከፈተ። ነርሷ የልጅቷን አገጭ ቀና አድርጋ ይዛ፣ ዓይኗን ከደረቷ ሳትነቅል ትጣራለች፦ "ተንፍሺ እንጂ፣ የኔ እናት! አንዴ ብቻ!"