ሦስት ስም ለአንድ ልጅ

ሮቤ መናኸሪያ አንዲት ሴት «ያህያ» ብላ ልጇን ስትጣራ፣ አጠገቤ የቆመችው እናቴ እጄን ጭምቅ አደረገችው። ሐሳቤ ጎባ፣ የድሮው ቤታችን ገባ።

ትምህርት በኦሮምኛ በተጀመረ ሰሞን ነው። እናቴ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብራ ሦስተኛውን አቅፋለች። አባቴ ኑርልኝ ብሎታል። ሕፃኑ በትኩሳት እየነደደ ጡት እምቢ ብሏል፤ ክፍሉ ፌጦና እርጥብ ጨርቅ ይሸታል።

ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ አጠገቧ ተቀመጡ። «በኛ ያህያ በዪው፤ ይኖራል ማለት ነው» አሉ። እርጥቡን ጨርቅ ግንባሩ ላይ ገለበጡና፣ «በኦሮምኛም ጅራታ በዪው። እሱም ያው ነው።»

እናቴ፣ የቄስ ልጅ፣ አልተከራከረችም። ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ ድምጿ እስኪዘጋ ሦስቱንም እያፈራረቀች ጠራችው።

«እማዬ፣ ስሙ ማነው ታዲያ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። አንዱን ይሰማ ይሆናል።»

ሳይመሽ ሞተ። አርባ ቀኑ ስላልሞላ ክርስትና አልተነሣም ነበር፤ ፍትሐትም ሳይደረግለት፣ በአንዱም ስም ሳይጠራ ተቀበረ።

መናኸሪያው ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ «አቤት» እያለ ወደ ሴትየዋ ሮጠ። እናቴ እጄን ለቀቀችው።

«የሷስ ሰማት» አለች።