ሸክም ማውረጃዋ ድንጋይ

የልጄ ልጅ ሳይክሉን ይዛ ቤት የመጣች ቀን፣ ሰው ሁሉ ቀለሙንና መሪውን ሲያደንቅ እኔ ጎማውን ነው በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ያየሁት። ከአውራ ጣቴ እምብዛም አይሰፋም።

«ይቺ ናት አንቺን የምትሸከመው?» አልኳት።

«ውስጡ አየር ነው እምዬ፣ አየሩ ነው የሚሸከመኝ።»

«አየር ከሆነማ ስለምን አትበሪም?»

«እበራለሁ! ቁልቁለት ላይ እይኝ።»

እኔ ዕድሜዬን በእግሬ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መሬት የሚረግጥ ነገር ሁሉ ይገርመኛል። የአህያን ኮቴ አውቃለሁ፣ የበቅሎን አውቃለሁ፣ ከባቲ በኩል የሚመጣውን ግመል ለስላሳ እግርም በእጄ ዳስሼ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር ሰው ተሸክሞ ከሐይቅ ደሴ ይወጣል ሲሉኝ ግን ላየው ፈለግሁ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ያነበብኩት መንገድ ብቻ ነበር። ጨውና በርበሬ በጀርባዬ አዝዬ ከሐይቅ ውጫሌ፣ ከሐይቅ ደሴ እመላለስ ነበር። እኔ እስላም ብሆንም የግሸን ማርያም ንግሥ ሲደርስ ከጎረቤቴ ጋር ቆሎ ቆልተን፣ ለተሳላሚው ልንሸጥ አምባሰልን ሽቅብ እንወጣ ነበር። ኪሎ ሜትር የሚሉትን አናውቅም። መንገድ የምንለካው በሸክም ማውረጃ ነው። በየመንገዱ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ አለ፤ ጀርባህን ሰጥተህ ሸክምህን ታሳርፍበታለህ፤ ስትነሣም ደግፎ የሚያነሣህ ሰው አያስፈልግህም። «እገሌ መንደር ስንት ማውረጃ ነው?» ከተባለ መልሱን ማንም ነጋዴ ያውቀዋል።

ልጅቷም ይህን ስለምታውቅ መንገድ ትጠይቀኝ ጀመር። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ወደ አርዲቦ ሐይቅ የሚወስደውን ነው። እኔም በደስታ፣ የአርዲቦ ውሃ ወደ ሐይቃችን የሚወርድበትን ወንዝ ተከትሎ የሚወጣውን አቋራጭ ነገርኳት። ከእሱ የሚያጥር የለም። ከሰዓት ስትመለስ ሳይክሉ በእሷ ላይ ነበር እንጂ እሷ በሳይክሉ ላይ አልነበረችም። ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላው፣ ሁለቱም ጎማ እሾህ ጠጥቶ።

«እምዬ! የፍየል መንገድ ነው እኮ ያሳየሽኝ!»

«ታዲያ ፍየል አልፋበት የለ?»

«ፍየል ጎማ የላትማ!»

እኛ እግረኞች አቋራጭ እንወዳለን፤ ጎማ ደግሞ ዙሪያውን ይወዳል። ይህን አላውቅም ነበር። ሌላም አለ። ወደ ውጫሌ ስትወርድ አዝንላት ነበር፤ እኛ ጉልበታችን ያለቀው ቁልቁለት ላይ ነውና። እሷ ደግሞ ቁልቁለት ማረፊያዬ ነው ትለኛለች። ስልሳ ዓመት ያወቅሁትን መንገድ ገልብጬ እንደ አዲስ መማር ያዝኩ። እሷ ስትመለስ ተቀምጬ እጠይቃታለሁ፦ ነፋሱ በየት በኩል መታሽ? ማርሽ የምትቀይሪው የት ጋ ነው? ኩርባው ላይ ወዴት ታዘነብያለሽ? አንዳንዴ ሰልችቷት፣ «አንቺው ንጂውና እይው እንግዲህ» ትለኛለች። ዕድሜ ቢፈቅድማ መች እምቢ እል ነበር።

ሳይክሉ የራሷ አይደለም፤ ውሰት ነው። ደሴ የሚለማመድ የብስክሌት ቡድን አለ፤ አንዱ እዚያ ሲጋልብ የነበረ፣ ኋላ የተወ ሰው ነው ያዋሳት። ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ጦሳ ተራራ ሥር የተሰቀለች፣ ከደጅህ ወጥተህ ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል እንጂ ሜዳ የማታገኝባት ከተማ ናት። ቡድኑም ሰው ሲቀበል የሚፈትነው በዳገት ነው። ከሐይቅ ተነሥቶ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ ደሴ የገባ ይገባል። እግሩን ያወረደ ይመለሳል።

ልጅቷ አንድ ጊዜ ሞክራ እግሯን አውርዳለች። አሰልጣኙ፣ «በሚመጣው እሑድ አንድ ዕድል እሰጥሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የለም» ብሏታል። ካልሆነላት ሳይክሉም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ያን ሰሞን እራቷን በቅጡ አትበላም ነበር።

«የት ጋ ነው እግርሽ የወረደው?» አልኳት።

«ወደ ደሴ ስትወጪ ካለው መንደር ቀጥሎ ያለው ሜዳ እንዳለቀ፣ ዳገቱ ሲጀምር። ሜዳው ላይ ከሁሉ ቀድሜ ነበር። ዳገቱ ላይ ፔዳሉን ገና ሁለት ጊዜ እንደመታሁ እግሬ ባዶ ሆነ።»

ይህ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። ሜዳ ላይ ከሁሉ የቀደመች ልጅ ዳገቱ አፍ ላይ ምን ነካት? በማግሥቱ በላስቲክ ውሃዬን ይዤ፣ በባጃጅ እስከ መንደሩ ሄድኩ፤ ከዚያ ወርጄ በእግሬ አዘገምኩ።

ቦታውን አይቼው አላውቅም እንዳልል፣ ስንት ጊዜ በሸክም አልፌዋለሁ። አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከፊት ተራራው ተገትሯል፤ ግራና ቀኝ ማሽላ ነው። ለዓይን ሜዳ ነው፤ እንዲያውም ወደ ተራራው ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ይመስላል። እዚያ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጃገረድ ሳለሁ ከፊታችን የምትሄድ አንዲት አሮጊት ነጋዴ ነበረች፤ ሁልጊዜ እዚህ፣ የሜዳው መጀመሪያ ላይ ሸክማችንን ታስወርደን ነበር። «ገና ዳገቱ ሳይጀምር ስለምን እናርፋለን?» ብላት፣ «መጀመሩን ጉልበትሽ ይነግርሻል፣ ዓይንሽን ተይው» አለችኝ። ያኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር።

ድንጋይዋን ፈለግኋት። መንገዱ ሲሰፋ ገፍተው ከቦዩ ዳር ጥለዋታል፤ ግን አለች፤ ጀርባዋ በስንት ሴት ሸክም ተልጎ እንደ ሳሙና ሆኗል። ተቀመጥኩባት። ተቀምጬም መንገዱን አየሁ፣ አየሁ። ከዚያ ተነሥቼ ወደ አስፋልቱ ወጣሁና ውሃዬን ጠብ አደረግሁ።

ያመጣኝ ባለባጃጅ ሌላ ሰው አድርሶ ሲመለስ አየኝና ቆመ።

«ምነው እማ፣ አስፋልት ያጠጣሉ? አይበቅልም እኮ!»

«ልጄ፣ ቁልቁለቱ በየት በኩል ነው?»

«ወደ ደሴ ነዋ፤ አይታይዎትም እንዴ?»

«እንግዲያው ውሃዬ ስለምን ወደ ሐይቅ ይሄዳል?»

ጎንበስ ብሎ አየ። ውሃው ቀስ እያለ፣ በጫማዬ መሀል አልፎ፣ ወደመጣሁበት ይወርዳል። ልጁ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አጠፋና ፍሬኑን ለቀቀ። ባጃጁ ብቻውን ወደ ሐይቅ መንሸራተት ጀመረ። እየሣቀ ፍሬኑን ረግጦ ያዘው።

«ወላሂ! ቤንዚኔን እዚህ ጋ ማን እንደሚጠጣብኝ ዛሬ ገና አወቅኩ!»

ልጅቷን በዚያው ቀን አመጣኋት። ስነግራት ስላላመነች ውሃውን ራሷ እንድታፈስ አደረግሁ። አየችው፤ ደግማ አፈሰሰች፤ ደግማ አየችው።

«እዚህ እኮ ነው የምሮጠው» አለች ቀስ ብላ። «ሜዳ መስሎኝ። ሰውም ወጥቶ የሚያጨበጭብልኝ እዚህ ነው።»

«እንግዲህ ከዚህ ጀምሮ ዳገት ነው ብለሽ ያዥው።»

«ሰው ሁሉ ሜዳ ነው ብሎ እያየኝ? ስንቀራፈፍ ምን ይለኛል?»

«የሚለውን ይበልሻ። ሸክሙን የሚሸከምልሽ እሱ ነው?»

አሁንም ዓይኗ ተጠራጠረ። ወጣት ናት፤ ስድብ ይከብዳታል። እኔም አሰብኩና፣ «እኔ እሑድ እዚህ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ» አልኳት። «እኔ ተቀምጬ ካየሽኝ አንቺም ከመቀመጫሽ እንዳትነሺ። ደሴ እስክትገቢ አልነሣም።»

«ቃል?»

«ቃል።»

እሑድ በጠዋት ሄድኩ፤ ባለባጃጁም ነገሩን ለማየት አብሮኝ ቀረ። የመንደሩ ሰው መንገድ ዳር ወጥቷል። መጀመሪያ ሁለት ጎረምሶች ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እየበረሩ አለፉ፤ ፉጨቱ፣ ጭብጨባው ሌላ ነው። ከዚያ ሌሎች መጡ። የእኔይቱ መጨረሻ ናት። ቀይ ቆቧን አድርጋ፣ ዝቅ ብላ፣ ወፍጮ እንደምትፈጭ ሴት ቀስ ብላ ትመጣለች።

«አንቺ! ሜዳ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ?» አለ አንዱ።

«ትራስ አምጡላት!» አለ ሌላው።

አንዲት ሴት ደግሞ ከልቧ አዝና፣ «ወይ የኔ እናት፣ ሜዳው እንዲህ ካደረጋት ዳገቱን ስታይ ምን ልትሆን ነው?» አለች።

ጆሮዋ ሲቀላ አየሁ። እግሯ ፔዳሉ ላይ ጠንከር አለ፤ ልትነሣ ነው። ያኔ ወደ እኔ ዞር አለች። ነጠላዬን በጉልበቴ ላይ ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። ተነሥቼ፣ «አይዞሽ ሆዴ!» ብዬ መጮህ እንዴት አምሮኝ ነበር! አልተነሣሁም። እሷም አልተነሣች። ጥርሷን ነክሳ፣ በዚያው ፍጥነቷ አለፈችኝ፤ የአሰልጣኙ መኪናም ተከትሏት አለፈ፤ ኩርባው ዋጣቸው።

ሰዉ ተበተነ። ፀሐዩ ከረረ።

«እማ፣ እንሂዳ» አለኝ ባለባጃጁ።

«አልነሣም።»

«እሷ እኮ አሁን አታይዎትም።»

«እኔ አያታለሁ።»

ሚኒባስ ከደሴ በኩል ወርዶ ሰው ሊያወርድ አጠገባችን ቆመ። ረዳቱን ጠራሁት።

«ልጄ፣ ሳይክል የሚነዱ ልጆች አጋጠሟችሁ?»

«አዎ እናቴ። ሁለት ጎረምሶች ዳገቱ ላይ ወርደው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል፤ ውሃ ይጠጣሉ።»

«ሴቷስ? ባለ ቀይ ቆቧ?»

«እሷማ ሽቅብ እየገፋች ነው።»

«እግሯስ?»

«እግሯ ምን ሆነ?»

«መሬት ነክቷል?»

«እየነዳች ነው እኮ የምልዎት! በምኗ ትነዳለች ታዲያ?»

ሚኒባሱ ሄደ። በዚያች ድንጋይ ላይ ሆኜ ያላሰብኩት የለም። ያቺ አሮጊት ነጋዴ ውሃ አፍስሳ አይታ ይሆን፣ ወይስ ከእሷ የቀደመች ሌላ አሮጊት ነግራት? ሌላውስ መንገድ፣ ሜዳ ነው ብዬ የማልፈው ሁሉ፣ ስንቱ ዳገት ኖሯል? የውጫሌውን ማየት አለብኝ። የአርዲቦውንም።

ስልኬ ሲጮህ ደንግጬ ልጥለው ነበር። ከወዲያ በኩል የረዳቶች ጥሪና የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«እምዬ! የት እንዳለሁ ታውቂያለሽ?»

«የት ነሽ?»

«ደሴ ፒያሳ! አሰልጣኙ ገብተሻል ብሎኛል። እግሬን አሁን ገና ማውረዴ ነው!»

«አልሐምዱሊላህ።»

«አንቺስ የት ነሽ?»

«የት እሆናለሁ? ድንጋዬ ላይ ነኛ።»

«እስካሁን?» አለችና ሣቋ ስልኩን ሞላው። «ተነሺ በይ! ተነሺ፣ ፈቅጄልሻለሁ!»

እሺ ብዬ ልነሣ ስል ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፤ ሁለቱም እግሬ ደንዝዟል። ከዚያች ድንጋይ ላይ፣ ያን ሁሉ ጨውና በርበሬ አዝዬ እንኳ፣ ሰው ደግፎ አንሥቶኝ አያውቅም ነበር። በዚያ ቀን ባለባጃጁ በሁለት እጁ ስቦ አነሣኝ።