አሥራ ሁለት የወረቀት አበቦች

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሠርጓን የሚያስጌጡላትን ሁለት ወጣቶች ይዛ ቤቴ መጣች። የፎቶ መጽሐፍ ዘርግተው ለጥር ሠርግ ይህ ቀለም፣ ለሚያዝያ ሠርግ ያ ቀለም፣ ከሙሽሮቹ ኋላ እንዲህ ያለ መጋረጃ እያሉ ሲያብራሩ፣ እኔ አሮጊቷ ምን አገባኝ ብዬ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። አንደኛው ከካርቶን ውስጥ ነጭ የወረቀት አበባ አወጣና ዘንድሮ ፋሽኑ ወደ ወረቀት ተመልሷል ብሎ እጄ ላይ አኖረልኝ። ሰም ሰም ይሸታል፤ እምብርቱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጭ ዶቃ ተሰፍታለች። ሻዩ ፈሰሰ። ልጅቷ እጄ የተቃጠለ መስሏት ስትሯሯጥ እኔ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት አበባ ፈርታ ጓዳ ተደበቀች ቢባል ማን ያምናል?

በጃንሆይ ጊዜ ነው። መርካቶ ውስጥ፣ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ፣ አራት ቤተሰብ በሚኖርበት አንድ ግቢ ነበርን። ከእኛ ፊት ለፊት እትዬ ዘነበች የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ ሥራቸው የወረቀት አበባ ነው። ያን ጊዜ መቼም የተቆረጠ አበባ ገዝቶ ዳስ ማስጌጥ በእኛ ሰፈር አይታወቅም፤ ሰው የሚያውቀው ቄጠማ፣ ዘንባባና የእትዬ ዘነበችን አበባ ነው። ሲስቡት የሚለጠጠውን ባለቀለም ወረቀት ከዐረቡ ሱቅ ይገዛሉ፣ በመቀስ ይቆርጡታል፣ በጣታቸው ጥቅልል ጥቅልል ያደርጉታል፣ በመጨረሻ የቀለጠ ሰም ውስጥ ነከር አድርገው ክር ላይ ያንጠለጥሉታል። ልብሳቸው ሁልጊዜ ሰም ስለሚሸት ገና ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ይመስሉ ነበር።

በቀለም ነገር ደግሞ ቀልድ አያውቁም። የጥር ሙሽራ፣ አቧራው ሁሉን ስለሚያደበዝዘው፣ ቀይና አረንጓዴ ካልሆነ አይደምቅላትም ይላሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ለምትዳር ግን ዝናቡ አቧራውን ስላጠበው፣ ሰዉም ጾሙን ፈትቶ ፊቱ ስለበራ፣ ነጭ ነው እንጂ ሌላ አይሆንም። አንዲት እናት ለሚያዝያ ቀይ ይሁንልኝ ብላ ብትለምናቸው ሌላ ባለሙያ ፈልጊ ብለው መለሷት። ሌላ ከየት ይመጣል? ሴትየዋ ሁለት ቀን ኩርፍ ብላ በሦስተኛው ነጩን አዘዘች። ለሐዘንም የመቃብር ጉንጉን ይሠሩ ነበር፤ ነገር ግን የሐዘኑና የሠርጉ መቀስ እንኳ ለየብቻ ነው የሚቀመጠው፣ ጉንጉን በሠሩ ቀን ገላቸውን ሳይታጠቡ የሠርግ ወረቀት አይነኩም።

እህቴ ውድነሽ በሚያዝያ እንድትዳር ቀን ተቆረጠ። እናቴ ለሙሽሮቹ መቀመጫ ዙሪያ ስልሳ ነጭ አበባ አዘዘች። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩና አበባውን ከእትዬ ዘነበች ክፍል ወደ ቤታችን ማሻገር የእኔ ድርሻ ሆነ። ግቢውን ማቋረጥ እኮ ነው፣ ሃያ እርምጃ አይሞላም። እኔ ግን ያ ጉራዬ አላስቀምጥ ብሎኝ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት አበቦች በሰፌድ ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁና መንገደኛው ሁሉ እንዲያይልኝ የድንጋይ አጥሩ ላይ ደረደርኳቸው። የእህቴ ሠርግ ነው እያልኩ ስኩራራ፣ ከዚያም ተረስቶኝ ስጫወት፣ የቀትር ፀሐይ ሥራውን ሠራ። ስመለስ ሰሙ ቀልጦ አሥራ ሁለቱም እንደ ሊጥ ተጣብቀዋል። ላላቅቃቸው ስል ተቀደዱ።

ሠርጉ በነጋታው ነው፤ ነጩ ወረቀትም ከሱቁ አልቋል፣ ከፋሲካ በኋላ መርካቶ በሙሉ ነዋ የሚዳረው። ለእናቴ ብነግራት ምን ይመጣብኝ ነበር? ቁንጥጫ። በጣም ቢከፋ በበርበሬ መታጠን። ደግሞስ አርባ ስምንት አበባ ለአንድ መቀመጫ መች አነሰ! ይህን የማስበው ግን ዛሬ ነው፤ ያን ቀን የታየኝ ራጉኤል ያለው የአልማዝ መቃብር ነው።

አልማዝ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ ትቀመጥ የነበረች፣ በጥር ወር ትኩሳት ይዟት በሳምንቷ የሞተች ልጅ ናት። የመቃብሯን ጉንጉን የሠሩት እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ነጭ ነው፣ ዝናብ እንዳይነካው ቆርቆሮ ስለተከለለበት ገና ትናንት የተሠራ ይመስላል። የማን እንደሆነ ሳላውቅ ወሰድኩ ብል ምንኛ ደስ ባለኝ። አውቄ ነው፣ አልማዝዬ አትቀየሚኝ ብዬ ሁሉ ነው የወሰድኩት። እምብርታቸው ላይ ነጭ ቁልፍ የተሰፋባቸውን መርጬ አሥራ ሁለት ቆጠርኩና በቀሚሴ አቅፌ መጣሁ፤ እንዲያውም ከእኛዎቹ ያምራሉ ብዬ ደስ አለኝ። ማታውኑ አጎቶቼ ከቀሩት ጋር ቀላቅለው ሰቀሏቸው።

በማግስቱ ዳሱ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዘንባባው በየምሰሶው ታስሮ፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ የወንድ ወገን ይጠበቃል። የአልማዝ እናት ወይዘሮ አስካለ ጎረቤት ሁሉ ለምኗቸው፣ ለዚያች ቀን ብቻ ጥቁራቸውን አውልቀው መጡ። ከሙሽሮቹ መቀመጫ ፊት ቆመው አበቦቹን ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩና እጃቸውን ሰደው አንዷን ነኩ።

"ይሄ የልጄ ሸሚዝ ቁልፍ ነው" አሉ።

አልጮሁም። የአልማዝን ሁለት የትምህርት ቤት ሸሚዞች ቁልፍ ፈትተው፣ ጉንጉኗ ላይ ስፉልኝ ብለው ለእትዬ ዘነበች የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ይህን መች አውቄ። ዘፈኑ ቆመ። የሙት አበባ በሙሽራ ራስ ላይ ተሰቀለ እያሉ ሴቶቹ አማተቡ፤ እናቴ ደረቷን ያዘች። ከዚያ የሁሉም ዓይን እትዬ ዘነበች ላይ አረፈ። ለሠርጉ ያወጡትን ጥበብ ቀሚስ ለብሰው ጥግ ተቀምጠው ነበር። ተነስተው መጡ፣ አበባውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ልጄ፣ እነዚህን እኔ አልሰጠሁሽም። ከየት አመጣሻቸው?"

ረጋ ብለው ነው የጠየቁኝ፤ እውነቱን እንደምናገር አልተጠራጠሩም። እኔም ዓይናቸውን እያየሁ መለስኩ።

"እርስዎ ነዎት የሰጡኝ።"

በቃ፣ ይኸው ነው። እናቴ ልጄን ውሸት አላስተማርኳትም አለች፣ ሰው ሁሉ አመናት። እትዬ ዘነበች ከአንዲት ሕፃን ጋር እሰጥ አገባ መግጠም ነውር ሆኖባቸው ይሁን፣ የሙሽራዋን ቀን ላለማበላሸት ይሁን፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አበቦቹ ተነቅለው ወይዘሮ አስካለ እቅፍ ውስጥ ሆኑ። የሙሽራው መኪና ጥሩምባ ሲሰማ እልል ተባለ፣ እኔም ከሁሉ በልጬ እልል አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የሠርግ አበባ የሚያዝዛቸው ጠፋ። ከመቃብር እየለቀመች ነው የምትሸጥልን ተባለ። ውድነሽ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ሲጨነግፍ እሱም በእሳቸው ተላከከ፤ እኔ እህቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ይህን ሲያወሩ ውኃ አቀብል ነበር። እትዬ ዘነበች ክረምቱ ሳይወጣ ክፍላቸውን ለቀው ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄዱ፤ ጥጥ እየፈተሉ ይኖራሉ ሲባል ሰማሁ። ያ እጅ እንዝርት ያዘ።

ስምንት ዓመት አለፈ፣ የእኔም ተራ ደረሰ። ከጥር ሠርጌ ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ አጣሁና፣ ሳልናዘዝ አልዳርም ብዬ አጠያይቄ ቤታቸው ሄድኩ። እግራቸውን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ጉልበታቸው ላይ ብወድቅ ቀና አደረጉኝ። ልጅ ነበርሽ አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ለእናትሽ ነገርሻት?"

"አዎ፣ ነግሬያታለሁ" አልኩ።

ያን ዕለት ማታ እነግራታለሁ ብዬ አስቤ ነው። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እንግዲያማ ያንቺን አበባ የምሠራው እኔ ነኝ አሉ። ቤት ስመለስ እናቴን በእንግዳና በድግስ ተወጥራ አገኘኋት፤ ነገ እላለሁ፣ ነገ ይደርስና ለከነገ ወዲያ አቆየዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የሠርጌ ቀን ደረሰ።

ጠዋት ዳሱ ውስጥ ተሸፍኜ እንደተቀመጥኩ እትዬ ዘነበች ነጭ ለብሰው፣ ሰፌድ ሙሉ ቀይ አበባ ይዘው በበሩ ገቡ። እንደ ዘመድ ነበር የገቡት፣ ቀና ብለው። እናቴ መንገዱን ዘጋችባቸው፤ የአንዷ ልጄ አልበቃ ብሎ አለች። እሳቸው ግራ ተጋብተው ልጅሽ ነግራሽ የለም ወይ ሲሏት እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"ምንድን ነው የነገርሽኝ?"

ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፣ ወጉ ነው። እኔም ከወጉ ሥር ተደበቅሁና አንገቴን ደፋሁ። በዓይነ ርግቡ ሥር የታየኝ ጫማቸው ነው፤ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ዞረ። አንዷ እልልታውን ለቀቀችው፣ ሌሎቹ ተቀበሏት።

እናቴ ሳልነግራት ሞተች። ወይዘሮ አስካለም፣ ውድነሽም ሳልነግራቸው ሄዱ። የእትዬ ዘነበችን ሞት የሰማሁት ካረፉ ከወር በኋላ፣ ተክለ ሃይማኖት በር ላይ ሻማ ከምትሸጥ ሴት ነው። ስማቸውን አታውቀውም፤ ያቺ ከመቃብር አበባ ትለቅም የነበረችው አሮጊት አረፈች አለችኝ። እኔም ነፍስ ይማር ብዬ ሻማዬን ገዝቼ ገባሁ።